መሣሪያው ተሳካለት ማለት ለማን ነው?

በዚህ ቡለቲን ባለፈው እትም አንድ የክፍል ጓደኛችን ስለ ዕድገት በጻፈው ጽሑፍ ውስጥ «ዘመን ያስቀረው ነገር የቀረው የማይረባ ስለ ሆነ ነው፤ የሰነበተውም የሰነበተው የተሻለ ስለ ሆነ ነው» የምትል ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጎ አልፏል። ጽሑፉ በጠቅላላው መልካም ነበር፤ ይህች ዓረፍተ ነገር ግን ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነሣችኝ። ልመልስለት ብዬ ከባድ ከባድ ምሳሌ ፈለግሁ፤ ስለ መንግሥታት፣ ስለ ቋንቋዎች፣ ስለ ፍልስፍና። በመጨረሻ እጄ ላይ የቀረው ግን ልጅነቴን የጨረስኩበት የቆርቆሮ ቤትና በውስጡ የነበረው ጥቁር ሳጥን ሆነ። ስለ ጌም ነው የምጽፈው። አንባቢ ሆይ፣ ከአሁኑ ብትስቅ አልቀየምህም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብበው።

መካነ ሰላም ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንድ የጌም ቤት ነበር። «ቤት» መባሉ ለክብሩ ነው እንጂ ጭቃው የረገፈ ግድግዳና የሚያፈስ ጣራ ነው። ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ሁለት ወፍራም ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፒኤስ ቱ፤ ሌላ ዕቃ አልነበረውም። የጆይስቲኮቹ ጎማ ከአውራ ጣት ብዛት ተልጦ ፕላስቲኩ ብቻ ቀርቷል፤ ባለቤቱ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ላስቲክ እየቆረጠ ያለብሰው ነበር። አንድ ግጥሚያ ሁለት ብር ነው። ሕጉም አጭር ነው፦ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል። ስለዚህ ጎበዝ የሆነ የድኻ ልጅ ሁለት ብሩን ይዞ ቅዳሜ ጧት ይገባና ሁለት ብሩን እንደ ያዘ ማታ ይወጣል። እንዲህ ያለ ፍትሕ ሌላ ቦታ አይቼ አላውቅም። እንዲህ ያለ ጭካኔም እንዲሁ፤ እጁ ያልፈታው ልጅ የእናቱን የእንቁላል ብር ጨርሶ እያለቀሰ ሲወጣ ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረምና።

ከተጫዋቹ ይልቅ ተመልካቹ ይበዛ ነበር። ሁለቱ ይጫወታሉ፣ ዐሥራ አምስቱ ያስተምራሉ። «አቀብል እንጂ!» «ምን ያንጠለጥልሃል!» ከውጭ የቦረና ብርድ ነው፤ ውስጡ በትንፋሽ ይሞቃል። ዐርብ ከጁምዓ መልስ የሚመጣውም፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሚመጣውም እዚያው አግዳሚ ላይ ነው የሚጣበቀው። ታናሽ ወንድሜን መጀመሪያ እጁን ይዤ ወደዚያ ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ። ይህን ለኋላ ላቆየው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ይህ ሳጥን በዓለም ላይ ከተሸጡት የጌም መሣሪያዎች ሁሉ የበለጠ የተሸጠ ነው። ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 ገበያ ላይ አውጥቶት እስከ 2013 መባቻ ድረስ ሲያመርተው ቆይቷል፤ የተሸጠውም ከ155 ሚሊዮን በላይ ነው። በዚህ ስሌት እኛ የተጫወትንበት ሳጥን አንድ ተብሎ ተቆጥሯል። ያውም የተቆጠረው መጀመሪያ ለገዛው፣ ምናልባትም ባሕር ማዶ ላለ አንድ ሰው ነው፤ ወደ እኛ የመጣው በስንተኛ እጅ እንደ ሆነ እግዜር ይወቅ። በዚያች «አንድ» ውስጥ ሁለት መቶ ልጅ አለ። ከሁለት መቶው የአንዱም ሳንቲም ቶኪዮ አልደረሰም፤ ዲስኮቹ ሁሉ ቅጂ ነበሩና። ታዲያ መሣሪያው ተሳካለት ሲባል የምንቆጥረው የትኛውን ነው? የሻጩን መዝገብ ወይስ የአግዳሚውን ወንበር?

ጓደኛችን «የተሻለው ያሸንፋል» ይላል። «የተሻለ» ማለቱ ኃይለኛ ማለቱ ከሆነ የጌም ታሪክ በሙሉ ይቃወመዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ኔንቴንዶ «ጌም ቦይ» የሚባለውን በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ሲያወጣ ስክሪኑ ቀለም አልነበረውም፤ እንደ ደፈረሰ ውሃ አረንጓዴ ነገር ነው። በማግሥቱ ዓመት ሴጋ «ጌም ጊር»ን ባለ ቀለም፣ ከውስጥ የሚበራ አድርጎ አመጣ። ነገር ግን ጌም ጊር ስድስት ድንጋይ ይበላል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላም ይጠፋል። ጌም ቦይ በአራት ድንጋይ ቀናት ይከርማል። ያሸነፈው ደብዛዛው ነው፤ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። የሠራው ሰው ጉንፔ ዮኮይ ይባላል። ወደ ኔንቴንዶ ሲገባ ኩባንያው ገና የመጫወቻ ካርታ የሚያትም ነበር፤ እርሱም ሥራው የማተሚያውን መኪና መጠገን ነበር። የዮኮይ እምነት አዲስና ውድ የሆነውን መሣሪያ ሳይሆን ረክሶና ተለምዶ ሁሉ የሚያውቀውን ወስዶ ላልታሰበ ነገር ማዋል ነው። አሮጌ ጎማ ቆርጦ ጆይስቲክ የሚያለብሰው የሰፈራችን ሰውዬ ይህን ቢሰማ «ታዲያ ይኼ ምን አዲስ ነገር አለው?» ይል ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። ይኸው ዮኮይ እ.ኤ.አ. በ1995 «ቨርቹዋል ቦይ» የሚባል ሌላ መሣሪያ ሠራ። አሁንም በርካሽ ነገር፣ በቀይ መብራት ብቻ። ወድቆ ቀረ፤ አንድ ሚሊዮን እንኳ አልተሸጠም። በዓመቱ ሰውዬው ኩባንያውን ለቀቀ። ያው ሰው፣ ያው እምነት፤ አንዱ ዓለምን ሞላ፣ አንዱ ዕቃ ቤት ቀረ። ምክንያቱን ብዙ ሰው በብዙ መንገድ ያስረዳል፤ ዐይን ያደክማል፣ ራስ ያሳምማል ይባላል። በበኩሌ ፎቶግራፉን ሳይ የታየኝ ሌላ ነው። መሣሪያው በእግር የቆመ መነጽር ነው፤ ተጫዋቹ ፊቱን ውስጡ ቀብሮ ይቀመጣል፤ አጠገቡ ያለ ሰው ምንም አያይም። በዚህ መሣሪያ ላይ ዐሥራ አምስት ልጅ ማስተማር አይችልም! «አቀብል እንጂ» የሚል የለም። ጨዋታ ግን ከጥንቱም የሚያይ ሰው ይፈልጋል።

ይህን ለማወቅ ጃፓን ድረስ መሄድም አያስፈልግ። አያቶቻችን ሁለት ጨዋታ ነበራቸው፤ ሰንጠረዥና ገበጣ። ሰንጠረዥ የመኳንንት ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት አይቷቸው ጽፏል። የአጀማመሩ ሥርዓት ደግሞ ከውጭው ቼዝ ይለያል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገን ተራ ሳይጠብቁ ጦራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። እውነተኛ ዘመቻ ነው። ገበጣ በአንጻሩ ጉድጓድና ጠጠር ነው። ዛሬ ሰንጠረዥን በአገርኛው ሥርዓት የሚጫወት ሰው ፈልጉና አምጡልኝ። ገበጣን ግን ከብት የሚጠብቅ ልጅ ሁሉ በተረከዙ ቆፍሮ ይጫወተዋል። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣ ሲጽፉ የአጨዋወቱ ዐይነት ከአገር አገር እንዴት እንደሚለያይ ዘርዝረዋል፤ ይህ ሁሉ ዐይነት የተፈጠረው አንድም ባለቤት ስለሌለው ነው። ታዲያ ሰንጠረዥ የቀረው የማይረባ ስለ ሆነ ነው? እኔ አይመስለኝም። የቀረው የተሸከሙት ሰዎች ስለ ቀሩ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ፣ አዳራሹ፣ ከግብር በኋላ ቁጭ የሚልበት ጊዜ። ገበጣ ምንም የሚሸከመው አያስፈልገውም፤ መሬት ካለ አለ።

ስለ መሸከም ካነሣሁ ዘንድ ተራራችንን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። መድፍን ከጌም ጋር ማወዳደር ድፍረት ነው ትሉኝ ይሆናል፤ ድፍረት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን የእጅ ሙያተኞች ያስቀረጹት ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ግማሽ ዓመት ሙሉ በሰው ጉልበት ተጎተተ። በየገደሉ መንገድ መቁረጥ ነበረበት፤ የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆ ላየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አይነገረውም። እሮጌ ላይ ውጊያው ሲሆን ግን መድፉ ዕጣውን አልለወጠም። የእንግሊዝ ወታደር በትከሻው ያንጠለጠለው፣ ከኋላ የሚጎርሰው ስናይደር ጠመንጃ ነው ዕጣውን የቆረጠው። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ያን መንገድ የእንግሊዝም ጦር ወደ መቅደላ ሲመጣ ተጠቀመበት። መድፉ ዛሬም መቅደላ አለ። የአዲስ አበባው አደባባይ ላይ የቆመው አምሳያው ነው።

እንግዲህ ሴባስቶፖል «ከሽፏል» እንበል? በጦር ሚዛን አዎን። ዳሩ ግን ከስናይደሩ ጠመንጃ ጋር የተያያዘ አንድም ዘፈን፣ አንድም ልቅሶ፣ አንድም ልጅ ስሙን የወረሰለት የለም። መድፉ ግን የአገር ሁሉ ሐዘንና ኩራት ሆኗል። ይህን የማነሣው ጥያቄዬን ለማወሳሰብ ነው፤ መልሱ እንዳይመስላችሁ። አንድ ነገር በአንዱ መዝገብ ወድቆ በሌላው መዝገብ ሊነሣ ይችላል ማለቴ ነው። ለምሳሌ ያህል ዛሬ ጌም የሚባለው ነገር ሁሉ የቆመው «መሣሪያው አንድ፣ ጨዋታው ተለዋዋጭ» በሚለው ሐሳብ ላይ ነው። ይህን በመጀመሪያ ለገበያ ያደረሰው እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው «ቻነል ኤፍ» የሚባለው መሣሪያ ነው፤ የሥራው መሪ ጄሪ ላውሰን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበር። በማግሥቱ ዓመት አታሪ መጣና ገበያውን ወሰደ። ቻነል ኤፍ ተረሳ። ሐሳቡ ግን የአሸናፊውም፣ ከእርሱ በኋላ የመጡትም ሁሉ እንጀራ ሆነ። የጓደኛችን ዓረፍተ ነገር ላውሰንን የት ታስቀምጠዋለች?

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልግባ። ከመሣሪያ መውደቅ ውስጥ ሥነ ምግባር አለበት፤ ገበያ ብቻ አይደለም። ሴጋ ይህን በራሱ ላይ አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1994 መጨረሻ «32ኤክስ» የሚባል ተቀጥላ አሜሪካ ውስጥ ሸጠ፤ በአሮጌው መሣሪያ ላይ የሚሰካ፣ ዕድሜውን ያራዝማል የተባለ። ስድስት ወር ሳይሞላ በግንቦት 1995 «ሳተርን» የሚባለውን አዲሱን መሣሪያ ከተናገረው ቀን በአራት ወር ቀድሞ በድንገት አወጣው፤ ለአንዳንድ ሱቅ ሰጥቶ ለሌላው ነፍጎ። 32ኤክስን የገዙት ሰዎች ገንዘባቸው ሜዳ ላይ ቀረ። የተነፈገው ሱቅም ተቀየመ። በዚያው ወር ሶኒ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን በ299 ዶላር እንደሚሸጥ አስታወቀ፤ ሳተርን 399 ነበር። ከዚያ በኋላ ሴጋ «ድሪምካስት»ን ሠራ፤ የሚያውቁት ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያመሰግኑት መሣሪያ። ግን በጥር 2001 ማምረቱን እንደሚያቆም አስታወቀ፤ በጠቅላላው የተሸጠው ወደ 9 ሚሊዮን ነው። ከዚያ ወዲህ ሴጋ መሣሪያ አልሠራም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የሶኒ ጥላ፣ የገንዘብ ማነስ፣ ጨዋታ ሠሪዎቹ ፊታቸውን ማዞራቸው። እኔ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ተራ የገበያ ቀን ነገር ይመስለኛል። አንድ ጊዜ ውሃ የገባበት ቅቤ የሸጠችልህ ሴት በሚቀጥለው ቅዳሜ ለጋ ቅቤ ይዛ ብትመጣ ታልፋታለህ። ቅቤው ለጋ መሆኑ አይጠቅማትም። በዚያች ቅዳሜ የምትከፍለው ላለፈው ነው።

አታሪም የደረሰበት ይኸው ነው። በአንድ የሲኒማ ፊልም ስም በአምስት ሳምንት ያህል የተሠራ ጨዋታ ለ1982ቱ የገና ገበያ አቀረበ፤ ሰው ገዝቶ አዘነ። በ1983 ያልተሸጠውን ዕቃ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አላሞጎርዶ በምትባል ከተማ ቆሻሻ መጣያ ቀበሩት። በ2014 ተቆፍሮ ወጣ። መቼም ሰው የራሱን ሐፍረት ሲቀብር በሲሚንቶ ነው የሚቀብረው፤ ይኸም ሲሚንቶ ፈሶበት ነበር ይባላል።

ወደ እኛ ሳጥን እንመለስና፣ ፒኤስ ቱ መካነ ሰላም ላይ የተሳካለት በቅጂ ዲስክ ነው ብያለሁ። ይህ ሌብነት ነው? የክፍል ጓደኞቼ ሲከራከሩ «ከነሱ ብንወስድ ምን ይጎዳሉ፣ እነሱ ከኛ የወሰዱት ያንሳልን?» የሚል መልስ እሰማለሁ። መቅደላ ላይ ላለ ሰው ይህ መልስ ይጣፍጣል፤ ከዚህ አምባ የተጫነው የብራና መጽሐፍ እንግሊዝ አገር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጧልና። ነገር ግን መልሱ ሐቀኛ አይመስለኝም። ዲስክ ስንገዛ ስለ መቅደላ መጻሕፍት ያሰበ ልጅ አልነበረም። የዘፋኞቻችን ሥራ ሲባዛ ደግሞ እኛው ነን «ሌብነት!» ብለን የምንጮኸው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የወጣው የሰው ድካም በከንቱ እንዳይበላ ተብሎ ነው። ስለዚህ ሌብነት ነበር እላለሁ። ከዚያ ቀጥዬ ግን ሌላ ነገር እላለሁ፤ የሚሸጥልን ሰው አልነበረም። በእኛ ብር፣ በእኛ ከተማ፣ የእውነቱን ዲስክ ይዞ የመጣ ነጋዴ ኖሮ አልፈን ቅጂ አልገዛንም። ይህ ጥፋቱን ያጠፋዋል አልልም፤ ያቀለዋል። ምን ያህል እንደሚያቀለው እስከ ዛሬ ልለካው አልቻልኩም።

ደግሞ «ያሳካው ቅጂው ብቻ ነው» የሚለውም አይቆምም። ድሪምካስትም በቀላሉ ይቀዳ ነበር፤ ውስጡን ሳይነኩት ቅጂ ያነብ ነበር። አልዳነም። ፒኤስ ቱ የዳነው የፈረሰ ቤት ውስጥ መኖር ስለሚችል ይመስለኛል። መብራት ሲመጣ ይነሣል፣ ሲሄድ ያንቀላፋል፣ ማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ማይክሮሶፍት በግንቦት 2013 «ኤክስቦክስ ዋን»ን ሲያስተዋውቅ መሣሪያው በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ በኢንተርኔት ከእናት ቤቱ ጋር ካልተገናኘ አይሠራም፤ ዲስክ ማዋስና መሸጥም በቁጥጥር ይሆናል አለ። ሰው ስለ ጮኸ አንድ ወር ሳይሞላ ሐሳቡን ሰረዘ። የጮኹት ኔትወርክ የማይጠፋባቸው አገሮች ሰዎች ናቸው! ኔትወርክ ለወራት ሲጠፋ ያየን እኛማ ቢሰማን ኖሮ እንስቅ ነበር። በየቀኑ ለባለቤቱ «አለሁ፣ ሌባ አይደለሁም» እያለ ሪፖርት የሚያደርግ መጫወቻ ገበጣ ለለመደ ሰው እንግዳ ነገር ነው።

እስካሁን ያልኩትን የሚያነብ ሰው «እንግዲህ የተሳካለት መሣሪያ ማለት ከሰው ኪስ፣ ከሰው ቤትና ከሰው ጓደኝነት ጋር የተስማማ ነው» ብሎ ሊደመድም ይችላል። እኔም ለረዥም ጊዜ እንዲህ ነበር የማስበው። ከዚያ አንድ ቀን አባቴ በአንድ ቃል አፈረሰብኝ። ስለ ጌም ቤቱ ተነሥቶ «ሰው የወደደው ነገር እኮ ነው» ብለው፣ «አረቄስ?» አለኝ።

አረቄስ። ከኪስ ጋር ይስማማል። መብራት አይፈልግም። ብቻን አይጠጣም፤ ጓደኛ ያበዛል። ከገበጣ በቀር እንደ አረቄ የተሳካለት ነገር በደጋው የለም። እንግዲህ መሳካት ከመልካምነት ጋር ምን አገናኘው? እኔ የደረደርኩት ሁሉ አንድ ነገር ሰውን እንዴት እንደሚይዝ ነው እንጂ ከያዘው በኋላ ምን እንደሚያደርገው አይደለም። እውነቱን ለመናገር እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለቱን ለይቼ አላየሁም ነበር።

አባቴ አረቄን ያነሣው በወንድሜ ምክንያት ነው። አንድ ዓመት ብቻ ነው የምበልጠው፤ በትምህርትም አንድ ክፍል። እኔ ይዤው ገባሁ፤ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ ተውኩት፤ እርሱ ቀረ። ያን ጊዜ ከእኔ ይልቅ ጎበዝ ነበር፤ ሁለት ብሩን ይዞ ገብቶ ሁለት ብሩን ይዞ የሚወጣው ልጅ እርሱ ነው። እንግዲህ አንድ ልጅ በዓለም ላይ አንድ ቦታ ብቻ የማይሸነፍበት ወንበር ካገኘ ለምን ይነሣል? ሒሳብ ክፍል ውስጥ ይሸነፋል፣ እንግሊዝኛ ይሸነፋል፣ ቤት ውስጥ ከታላቅ ወንድሙ ጋር እየተወዳደረ ይሸነፋል። ያሸነፈ ይቀመጣል ተብሏል፤ ተቀመጠ።

በ2015 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈተነና ወደቀ። ቤታችን ውስጥ ፍርዱ ወዲያው ተሰጠ፤ ጌሙ ነው። እዚህ ላይ እንኳ ተከላካይ ጠበቃ ልሁን። በዚያ ዓመት በአገሪቱ ከተፈተኑት ከ800 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ እኔ በተፈተንኩበት፣ 3.3 በመቶ። ከመቶ ዘጠና ሰባቱ ሁሉ ጌም ቤት ነበሩ? አብዛኛው ጌም የሚባል ነገር በዐይኑ ያላየ የገበሬ ልጅ ነው። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ሲገባ ትምህርት ቤት ስንት ጊዜ እንደ ተዘጋ፣ ፊዚክስ ያለ አስተማሪ ስንት ወር እንዳለፈ እኛ እናውቃለን። ይህን ሁሉ ለአባቴ ዘረዘርኩለት። በትዕግሥት ሰማኝና «ልክ ነህ፤ ግን አንተ ከሦስቱ መሐል ነህ፣ እሱ ከዘጠና ሰባቱ» አለኝ።

በዚህ የሚመለስ ቃል አጣሁ። ቁጥር ስለ ሕዝብ ይናገራል፤ አባት የሚጠይቀው ስለ አንድ ልጅ ነው። ሳጥኑን ወንጅሎ መቅጣት እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ያው ሳጥን እኔንም ይዞኝ ነበር፤ እኔ ተነሣሁ። ነገር ግን «ያው ሳጥን ነው» ማለቴ ራሱ ማታለል አለበት። ለእኔ ሳጥኑ ከብዙ ነገር አንዱ ነበር። ለእርሱ ብቸኛው ነበር። አንድ ዕቃ ለሁለት ሰው አንድ ዕቃ አይደለም። ስለዚህ «መሣሪያው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ነው» ብሎ መጠየቅ ከሰው ለይቶ መጠየቅ ነው፤ ከሰው ለይቶ መጠየቅ ደግሞ ኩባንያው ሲቆጥር ያደረገው ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ መቶ ሃምሳ አምስት ሚሊዮን።

ከአረቄ ጋር ስላለው ልዩነትም ብዙ አስቤአለሁ። አረቄ የጠጣውን ሰው ነገ የበለጠ እንዲያውቅ አያደርገውም። ወንድሜ ግን ከዚያ ቤት አንድ ነገር ይዞ ወጥቷል። የፒኤስ ቱው «ዐይን» ሲደክምና ዲስክ ማንበብ ሲያቅተው ባለቤቱ ይከፍተው ነበር፤ ወንድሜ አጠገቡ ቆሞ መብራት ይይዝለታል። በኋላ ባለቤቱ መብራት ያዥ ሆነ። ዛሬ ወንድሜ ያችኑ ከተማ ውስጥ ስልክ ይጠግናል። ስክሪን ይቀይራል፣ ቻርጅ ማድረጊያውን ይበይዳል፤ የእጁ ጸጥታ የሚገርም ነው። ጌም ቤቱ ተዘግቷል፤ ልጆቹ አሁን በስልክ ነው የሚጫወቱት። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት «ኩኩሉ»ን ሲሠራም ለስልክ ነው የሠራው፤ ዶሮዋ የምትሮጥበት። ሁሉም በየግሉ አንገቱን ደፍቶ ነው። «አቀብል እንጂ» የሚል ድምፅ የለም። ቨርቹዋል ቦይ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ በሌላ መንገድ ያሸነፈ ይመስለኛል። ይህን ስል የድሮውን ጌም ቤት እየናፈቅሁ እንደ ሆነ ይገባኛል፤ ናፍቆት ደግሞ ማስረጃ አይሆንም።

ታዲያ ወንድሜ ተሳካለት ልበል? እንዲህ ብዬ ብደመድም ጽሑፉ ያምርልኝ ነበር። እርሱ ግን አይስማማም። ባለፈው ክረምት ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ይህንኑ ነገር ሳወራለት የተከፈተ ስልክ ላይ እንዳጎነበሰ «አንተ ዩኒቨርሲቲ ሆነህ ነው ስለ እኔ መሳካት የምታስበው፤ እስቲ ቦታ እንለዋወጥና አስበው» አለኝ። ቁጣ አልነበረውም። ከመደርደሪያው ሥር ከዚያ ቤት የገዛው አንዱ ፒኤስ ቱ አለ፤ ክዳኑ የለውም፣ ግማሽ አካሉ ወጥቶ ሌላ ዕቃ ውስጥ ገብቷል። ለምን አትጥለውም አልኩት። ዊንጮቹ ይፈለጋሉ አለኝ።

አባቴ አሁንም ሰው ስለ ሁለተኛ ልጁ ሲጠይቀው «እሱን ጌም ነው የበላብኝ» ይላል። መጀመሪያ እጁን ይዞ ማን እንዳስገባው አያውቅም። ወንድሜ በነዚያ ሁሉ ዓመታት፣ ሲገረፍም ቢሆን፣ አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም። ይህ ቡለቲን ተባዝቶ ሲወጣ አንድ ቅጂ ወደ ቤት እልክ እንደ ሆነ ገና አልወሰንኩም።